አባ ሙሜ ያልማሉት መሐላ

ይህን ጽሑፍ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄ ጥዬዋለሁ። መጻፍ አቅቶኝ አይደለም። በጻፍኩት ቁጥር መጨረሻው አካባቢ ስደርስ ደህና ሰው ሆኜ እገኛለሁ፤ ያ ደግሞ ውሸት ነው። ይህ አራተኛዬ ነው። እናንተ አንባቢዎች እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ፤ እኔ የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ፣ የገጠር የውሃ ፓምፖችን የሚጠግን አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። ቢሯችን ሸዋ በር ላይ፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት በመስኮት ይገባል። ገጠር ስወጣ ገበሬዎቹ "ኢንጂነር" ይሉኛል። ኢንጂነር አልነበርኩም፤ ግን አንድም ቀን አላረምኳቸውም። ከዚህ ብቻ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበርኩ መገመት ትችላላችሁ።

ከምንከታተላቸው ፓምፖች አንዱ ከሐረር ወጣ ብሎ ባለው ሶፊ ገጠር ውስጥ ነበር። በፀሐይ ኃይል ይሠራል፤ ከጉድጓድ ውሃ ስቦ ኮረብታው ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋል፤ ከታንከሩ ወደ ቦኖዎቹ ይወርዳል። ከፓምፑ አጠገብ የብረት ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ ሞደም አለ። ሞደም ስላችሁ እንደ ስልክ ሲም ካርድ የሚገባበት፣ ግን ማያም ቁልፍም የሌለው የእጅ መዳፍ የሚያክል ዕቃ ነው። የሚታዘዘው በቴክስት ነው። ከስልካችሁ የይለፍ ቃሉን ትጽፋላችሁ፣ ቀጥሎ ትዕዛዙን፤ ትልኩለታላችሁ፤ "ኦኬ" ብሎ ይመልሳል። ለጥቂት ሰዓታት ኔትወርክ ካጣ ፓምፑ ሳይታይ እንዳይቃጠል ተብሎ ራሱን ያቆማል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አላወቅሁም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

የፓምፑ ዘበኛ አባ ሙሜ ነበሩ። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። የሳጥኑ ቁልፍ በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ነው የሚውለው፤ ሌላ ቁልፍ መንደሩ ውስጥ የለም። ለጥገና በሄድኩ ቁጥር አጠገቤ ቁጭ ይሉና "ይህቺ መብራት ምን ትላለች?" ይሉኛል። በሳጥኑ መስኮት የምትታየው አረንጓዴዋ ቀስ እያለች ብልጭ ካለች ደህና ነው፣ ቀይ ከሆነች ኔትወርክ አጥቷል ብዬ አስረድቻቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ስደውልላቸው ገና ሳልጠይቃቸው "አረንጓዴ ናት፣ አልሃምዱሊላህ" ይሉኛል። ፀሐይ እንዳያገኘው ብለው ማንም ሳያዛቸው ለሳጥኑ የሰሌን ጥላ ሠርተውለታል። ስመለስ ኪሴን በኦቾሎኒ ይሞሉታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ተካልኝ ከሞደሙ የውጭ አገር አቅራቢዎች የመጣ መልእክት አስተላለፈልኝ። የሶፊው ሞደም እየተቆራረጠ ስላስቸገረ የሮሚንግ ሴቲንጉ ይታደስ ይላል። ከታች አምስት ትዕዛዞች በቅደም ተከተል ተጽፈዋል። ሮሚንግ ማለት ሲም ካርድ ከአገሩ ሲወጣ በሌላ አገር ኔትወርክ ላይ በእንግድነት የሚሠራበት ፈቃድ ነው።

አንደኛውን ላክሁ፤ "ኦኬ" አለ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ "ኦኬ"፣ "ኦኬ"። አራተኛው ላይ ስደርስ ሮሚንጉ ክፍት ይሁን ይላል። ሳቄ መጣ። ሮሚንግ እኛ የምናውቀው ጅቡቲ ለሚሄድ ነጋዴ፣ ለሐጅ ለሚጓዝ ሰው ነው። ሶፊ ደግሞ ከሐረር ቁርስ በልተህ ሄደህ ለምሳ የምትመለስበት ነው። "እነዚህ ፈረንጆች ሶፊን ውጭ አገር አደረጉት እኮ" ብዬ ለራሴ ቀለድኩና፣ ክፍት የሚለውን ዝግ ብዬ ላክሁት።

"ኦኬ" አለ። ከዚያ በኋላ ያ ሞደም አልተናገረም።

አምስተኛውን ላክሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ ላክሁ። ሁኔታህን ንገረኝ የሚለውን ትዕዛዝ ላክሁ። የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከጠበቅሁ በኋላ ዓይኔ ትዕዛዙን በምልክበት ቁጥር ላይ አረፈ። መነሻው የኛ አገር ኮድ አይደለም። ሲሙ ከሞደሙ ጋር አብሮ ከውጭ የመጣ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሶፊ ላይ ሲሠራ የኖረው በሮሚንግ ነው። ስንት ጊዜ ወደዚያ ቁጥር ቴክስት ስልክ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። ሮሚንጉን ስዘጋ ማንኛውም ኔትወርክ አላስገባው አለ፤ ኔትወርክ ከሌለው ደግሞ የኔ ቴክስት አይደርሰውም። የተቀመጥኩበትን ቅርንጫፍ ራሴ ቆርጬ ወድቄያለሁ። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ሶፊ ሄዶ፣ ሳጥኑን አስከፍቶ፣ በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ሮሚንጉን መልሶ መክፈት። የአምስት ደቂቃ ሥራ።

ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ከታች ሚኒባሶች ቆመው ይጮኻሉ። በዚያች ደቂቃ ብወርድ ኖሮ ሳይታወቅ እጨርሰው ነበር። ግን ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር የጫት በርጫ ነበረኝ። "ነገ እሄዳለሁ" አልኩ። ይህቺን ቃል ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ማክሰኞ ጠዋት ልወጣ ስል ተካልኝ ደወለ።

"ሶፊዎች ደውለዋል፤ ፓምፑ ቆሟል። ትናንት ሴቲንጉን አስተካክለኸዋል አይደል?"

"አዎ፣ ኦኬ ብሎኛል።"

"እንግዲያው ሌላ ነገር ነው። ነገ በመኪና አብረን እንሄዳለን፤ ብቻህን አትሂድ።"

ውሸት አልተናገርኩም፤ ሞደሙ በርግጥ ኦኬ ብሏል። እንደዚያ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዋልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ከተካልኝ ጋር ወጣን። መንገዱን ሙሉ ልነግረው አስብ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥተን አቧራው ውስጥ ስንገባ አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ስለ መኪናው ጎማ ማውራት ጀመረ፤ ዘጋሁት።

መንደሩ ስንደርስ ቦኖው ፊት ለፊት ቢጫ ጀሪካኖች በረጅም ተሰልፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው አጠገባቸው የሉም። ሴቶቹ ሌሊት ተነሥተው ወደ ሸለቆው ወርደዋል። የተመለሱት ጀርባቸው ላይ ያዘሉት ውሃ የጭቃ መልክ አለው። አንዲት እናት ልጇ ከትናንት ጀምሮ ያንን ጠጥቶ ሆዱን እንዳመመው ለተካልኝ ስትነግረው እኔ መሬት መሬት አያለሁ። የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አብዱሌ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ድምፀ ጎርናና ጫት ነጋዴ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ አላደረሰም።

"ሁለት ቀን ሙሉ! በዚህ ቦና፣ በዚህ ድርቅ! ከብቱ ሊያልቅ ነው እኮ!"

አባ ሙሜ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ሳጥኑን ከፈቱ። መብራቷ ቀይ ናት። አንድ ጊዜ መብራቷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ።

ሰዉ ከበበን። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር፤ ሐረር ተወልዶ ያደገ ሰው ኦሮምኛ አያመልጠውም። አንዱ፣ የአባ ሙሜ የእህት ልጅ በቦቴ ውሃ እንደሚሸጥ አነሣ። ሌላው ቦቴው ማክሰኞ ጠዋት መንደር መግባቱን አስታወሰ። ሦስተኛው "ፓምፑ በቆመ ማግስት?" አለ። ነገሩ እንዲህ ባንድ ጊዜ ተገጣጠመ። ቦቴው በየሳምንቱ ማክሰኞ ወደ ቀጣዩ መንደር በዚያ በኩል እንደሚያልፍ ሁሉም ያውቃል፤ የዚያን ቀን ግን ማንም ትዝ አላለውም።

አብዱሌ ወደ እኔ ዞረ። "ኢንጂነር፣ አንተ ታውቀዋለህ። ሰው ነክቶት ይሆን?"

ሁሉም አፌን ያያል። ተካልኝም ያየኛል። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው ያመለጠኝ።

"ሊሆን ይችላል" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። አንድ ሰው ሮጦ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ቁርኣን አመጣ። በዚያ አገር ዕቃ ሲጠፋ፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ምስክር ከሌለ የተጠረጠረው ሰው ይምላል፤ ከማለ በኋላ ማንም ቀና ብሎ አያየውም፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ማንም አባ ሙሜን ሊያሥር የፈለገ የለም። በውዱእ ታጥበው፣ እጃቸውን ቁርኣኑ ላይ ጥለው፣ "አልነካሁም" ቢሉ ሁሉም ተነሥቶ ወደየቤቱ ይሄድ ነበር። እኔም ውስጤ "ይማሉና ይለቅልን" እያልኩ ነበር፤ እሳቸው ንጹሕ መሆናቸውን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለማ።

"አልነካሁም" አሉ አባ ሙሜ። "ማንም አልነካውም። አጠገቡ ነበርኩ።"

"እንግዲያው ይማሉ" አላቸው አብዱሌ፤ ድምፁ ለዘብ ብሏል። "ይማሉና እንገላገል።"

"አልምልም።"

ማጉረምረም ተነሣ።

"አባቴ ሲሞት እጄን ይዞ አደራ ብሎኛል። 'በአላህ ቃል አትማል፣ እውነት ቢሆንም አትማል' ብሎኛል። ወንዱ ልጄ ሲሞት በመሬቱ ተከስሼ እንኳ አልማልኩም፤ መሬቱን ተውኩት። አሁን ለብረት ሳጥን ብዬ ልማል?"

"እውነት የያዘ ሰው ምን ያስፈራዋል?" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

"የያዝኩትን ነግሬአችኋለሁ። የኔ ቃል ካልበቃችሁ ቁርኣን ምን አደረገ?"

ሌላ አገር ቢሆን ይህ አነጋገር ያስከብር ይሆናል። እዚያ ግን ሰዎቹ ተያዩ። አልማለም ማለት አድርጓል ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ አብዱሌ እጁን ዘረጋ። አባ ሙሜ ክሩን በራሳቸው ላይ አወጡት። ጢማቸው ላይ ተያዘባቸው፤ ቀስ ብለው አላቀቁትና ቁልፉን አብዱሌ እጅ ላይ አኖሩት። ከዚያ ከአምስት ሜትር ርቀት ላይ ላፕቶፕ ታቅፌ ወደቆምኩት ወደ እኔ ቀና ብለው አዩ። ረጅም አስተያየት ነበር። አንዲት ቃል ብናገር የሚያበቃ ነገር ነበር። ተካልኝ ትከሻዬን ነካ አደረገና "በል እንግዲህ፣ ሞክረው" አለኝ።

ኬብሉን ሰካሁ። ጻፍኩ። ሮሚንግ፣ ክፍት። ሞደሙ ተነሥቶ ኔትወርክ ፈለገ፤ ቀይዋ ጠፋችና አረንጓዴዋ ብልጭ አለች። ፓምፑ አጉረመረመ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ከታንከሩ አካባቢ "መጣ! መጣ!" የሚል ጩኸት ተሰማ።

እልል ተባለ። ወንዶቹ እየተሻሙ እጄን ጨበጡኝ። ያቺ ልጇ የታመመባት እናት "አላህ ዕድሜ ይስጥህ" ብላ መረቀችኝ። አብዱሌ ከራሱ ማሳ የተቀጠፈ አንድ እቅፍ ጫት መኪናው ላይ አስጫነልኝ። ቁልፉ ከሽማግሌው እንደተወሰደ ውሃው መጣ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? የአባ ሙሜን ጥፋት ያጸደቀው የኔ ጥገና ነው። ዞር ብዬ ስፈልጋቸው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ብቻቸውን ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር። የሸኛቸው ሰው አልነበረም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለተካልኝ ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት። መኪናውን ዳር ይዞ አቆመ።

"ለማን ነግረሃል?"

"ለማንም።"

"በቃ፣ ተወው። ውሃው መጥቷል። አሁን ሄደህ ብትናገር አንተም ትባረራለህ፣ ድርጅቱም ስሙ ይጠፋል። ሽማግሌው ደግሞ ምሎ መውጣት ይችል ነበር፤ ራሱ ነው እንቢ ያለው።"

ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እንደ መድኃኒት ዋጥኩት። ራሳቸው ናቸው እንቢ ያሉት! እሱን እያላመጥኩ አራት ወር ኖርኩ።

በአራተኛው ወር አባ ሙሜ አቦከር፣ ከቤታችን ሦስት መታጠፊያ ርቀት ላይ፣ ልጃቸው የተከራየችው ቤት ደጃፍ ተቀምጠው አየኋቸው። መንደሩ ውስጥ ሰላምታ የሚመልስላቸው ሰው በማጣታቸው ልጃቸው መጥታ እንደወሰደቻቸው ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ለሦስት ሳምንት ያህል ቤቴ የምገባው ዙሪያውን ዞሬ ነበር። እናቴ "ምነው ልጄ፣ መንገድ ተዘጋ እንዴ?" እስክትለኝ ድረስ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራሴ እግር ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። የያዝኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፤ ቴክስቱን፣ ሮሚንጉን፣ በርጫውን፣ "ሊሆን ይችላል" ማለቴን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣

"አውቃለሁ" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ሰኞ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ መብራቷ ዓይኔ እያየ ቀይ ሆነች። የነካት ሰው የለም። በስልክ እንደምታዛት አንተው ነህ የነገርከኝ። ረቡዕ መጥተህ ሳጥኑን ስከፍት ደግሞ ፊትህን አየሁት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም? እሱ ነው ቢሉ ኖሮ..."

"ብናገር አንተንም ያስምሉህ ነበር።" ወደ ልጃቸው በር ዞር ብለው፣ እንዳትሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንተ ደግሞ ትምል ነበር። ልጅ ነህ፤ ፈርተሃል። እኔ ላይ የመጣው ያልፋል፤ የሐሰት መሐላ ግን አያልፍም፣ ልጅ ላይ ይወርዳል። አስተግፊሩላህ! በኔ ምክንያት እንዲሆን አልፈለግሁም።"

የመጣሁት ይቅርታ አድርጉልኝ ልል ነበር። ሰውየው ስማቸውን ያጡት ለኔ ፈርተው ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ስለኔ የተናገሩት ትክክል መሆኑ ነው። ያን ቀን ከዛፉ ሥር ወንጌል ቢሰጡኝ ኖሮ እምል ነበር። ያለ ጥርጥር እምል ነበር።

ሰኞ ሥራዬን ለቀቅሁና ሶፊ ሄድኩ። አብዱሌን ሽማግሌዎቹን ሰብስብልኝ አልኩት። ከዚያው ዛፍ ሥር ቆሜ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። "የሽማግሌው ዘመዶች ልከውህ ነው" አለ አንዱ። አብዱሌ ራሱን ነቀነቀና፣

"በሃይማኖትህ ትምላለህ?" አለኝ።

"እምላለሁ።"

ማልኩ። አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ ይዤ ማልኩ። ምላሴ አልተያዘም። ወዲያው አመኑኝ። አንድም ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቁኝም። እውነት የተናገሩት ሰው ስላልማሉ ተባረሩ፤ ሲዋሽ የከረመው ስለማለ ታመነ። ያን ጊዜ ብሰደብ፣ ብደበደብ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ለእርቅ አንድ ወጠጤ ይዘው አቦከር መጡ። እኔም ከኋላ ከኋላ ተከትዬ ገባሁ። አብዱሌ ጎንበስ ብሎ የአባ ሙሜን እጅ ሳመና ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

"አውፍ ይበሉን፣ አባ። አጥፍተናል። ይመለሱልን።"

"አውፍ ብያለሁ" አሉ ወዲያው። "ለሁላችሁም። ለዚህም ልጅ።" ቁልፉን ግን አልተቀበሉም።

"እንግዲያው ለምን አይመለሱም?"

አባ ሙሜ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከሳቸው ጋር አብሮ ያደገው ሽማግሌ፣ ማልቀስ ጀምሮ ነበር።

"አልነካሁም አልኳችሁ፤ አላመናችሁኝም። ይህ ልጅ ማለላችሁ፤ አመናችሁት። ዛሬም ያመናችሁት የሱን መሐላ ነው እንጂ የኔን ቃል አይደለም። ስልሳ ዓመት አብሬአችሁ ኖሬ ቃሌ ብቻውን ካልበቃ፣ እዚያ ተመልሼ ምን እላችኋለሁ?"

ሽማግሌዎቹ ወጠጤውን ይዘው ተመለሱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፤ አልክድም። ግን እስኪጠራ ድረስ በጨለማው የሚቀመጠው ማነው? ተረቱ እሱን አይናገርም። ብዙዎቻችሁ እንደኔ በሩቅ ሆናችሁ በአንድ ትዕዛዝ የሰው ኑሮ የምታንቀሳቅሱ ናችሁ፤ ባንክ ውስጥ፣ ቀበሌ ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ። መሳሳት የማይቀር ነው፤ እኔን የገደለኝ መሳሳቴ አልነበረም። የመጀመሪያዋን ቀን ሚኒባስ ብሳፈር፣ ሁለተኛዋን ቀን በስልክ ብናዘዝ፣ ሦስተኛዋን ቀን "ሊሆን ይችላል" ከማለት "እኔ ነኝ" ብል፣ በየቀኑ ዋጋው ትንሽ ነበር። በየቀኑ ነገ አልኩ።

ዛሬ ሌላ ድርጅት ውስጥ ያንኑ ሥራ እሠራለሁ። ዕቃው አጠገብ ሰው ሳላስቆም በሩቅ ትዕዛዝ አልክም፤ ስሳሳትም ሰው ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። ለዚህ አታመስግኑኝ፤ የተማርኩት በሌላ ሰው ስም ነው። አባ ሙሜን በየጠዋቱ በልጃቸው ደጃፍ ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም በፈገግታ ይመልሱልኛል፣ ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤት የጠፋ ስልኳን አይተው እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሰማሁ። "አላየሁም" አሏት፤ ከዚያ፣ እሷ ምንም ሳትል፣ "ከፈለግሽ ገብተሽ ቤቱን ፈትሺ" ብለው ከበሩ ላይ ተነሡላት።